ካዝና የታተመበት ቴምብር፦ ስለ ኢንሹራንስ ደብዳቤ ቴምብሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቴምብር አልበም ስታገላብጡ አንዳንዴ ግር የሚል ነገር ይገጥማችኋል። የንጉሥ ፊት የለበትም፤ አበባ የለም፤ ወፍ የለም። ያለው ካዝና ነው። ወይም ጓጉንቸር ቁልፍ። ወይም ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የብረት ሣጥን። ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ይሄ ደግሞ የምን ቴምብር ነው?» ብሎ ነው። እኔም በተደጋጋሚ ስለተጠየቅኩ መልሶቹን አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኢንሹራንስ ቴምብር ማለት ምን ማለት ነው?

ተራ ቴምብር የደብዳቤው የመጓጓዣ ሒሳብ ነው። «ከዚህ እዚያ አድርሱልኝ» ብላችሁ የከፈላችሁት ማለት ነው። የኢንሹራንስ ቴምብር ግን ስለ መንገዱ አይደለም። የተከፈለው ደብዳቤው ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ፖስታ ቤቱ ካሳ እንዲሰጥ ነው።

ላኪው መስኮቱ ጋ ቀርቦ «ውስጡ ያለው ይህን ያህል ያወጣል» ይላል። ፖስታ ቤቱ በተናገረው ዋጋ ልክ ያስከፍለዋል። ዋጋው ከፍ ሲል ክፍያውም ከፍ ይላል። አንዳንድ አገሮች ለዚህ ክፍያ ብቻ የሚሆን ልዩ ቴምብር አሳተሙ። የምናወራው ስለ እነዚህ ነው።

ከሪኮማንዴ በምን ይለያል?

ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። ሪኮማንዴ ደብዳቤ ቁጥር አለው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይመዘገባል፤ ተቀባዩም ፈርሞ ይወስዳል። ቢጠፋ የሚከፈለው ካሳ ግን ውስጡ ምንም ይኑር ምን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የመቶ ብር ሰነድም ይሁን የወርቅ ቀለበት ለፖስታ ቤቱ አንድ ነው።

በኢንሹራንስ ደብዳቤ ዋጋውን የሚናገረው ላኪው ነው፤ ካሳውም በዚያ ይለካል። ለዚህ ነው በብዙ አገር ቋንቋ «ዋጋው የተገለጸ ደብዳቤ» የሚባለው።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ሰው ገንዘብ በፖስታ እንዴት ይልክ ነበር?

በእንግሊዝ አገር የተለመደው ዘዴ ብሩን ለሁለት መቅደድ ነበር። ቀልድ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፖስታ ፈረሰኞችን መንገድ ላይ ጠብቆ መዝረፍ የዘወትር ነገር ሆነ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ራሱ ደንበኞቹን «የባንክ ኖታችሁን ለሁለት ቁረጡ፤ አንዱን ግማሽ ዛሬ ላኩ፤ መድረሱን ስትሰሙ ሌላውን ላኩ» ብሎ ይመክር ነበር። ሌባው ግማሽ ብር ይዞ የትም አይደርስም። ተቀባዩ ሁለቱን ገጥሞ ይጠቀማል። እስካሁን መሐሉ የተሰፋ ወይም የተለጠፈ የድሮ የእንግሊዝ ኖታ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጀርመኖችና ሩሲያዎች ሌላ መንገድ ነበራቸው። ገንዘብ ያለበት ፖስታ በጀርባው በኩል በቀለጠ ሰም ይታሸጋል። ብዙውን ጊዜ አምስት ማኅተም ነው፤ አራቱ ማዕዘኖቹ ላይ፣ አንዱ መሐል። አንድ እጥፋት እንኳ ያለ ማኅተም አይቀርም። ፖስታው ተመዝኖ ክብደቱ ላዩ ላይ ይጻፋል። መድረሻው ላይ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ ከቀነሰ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል ማለት ነው።

ሁሉም አገር ልዩ የኢንሹራንስ ቴምብር አሳትሟል?

አይ። እንዲያውም ያሳተሙት ጥቂት ናቸው። አብዛኛው አገር የኢንሹራንሱን ክፍያ የሚቀበለው በተራው ቴምብር ነው። የደብዳቤው ታሪፍና የኢንሹራንሱ ክፍያ ተደምሮ በዚያ ልክ ቴምብር ይለጠፋል፤ አለቀ። ቆየት ብሎ ደግሞ የተከፈለውን ልክ የሚያትም የማሽን ማኅተም መጣና ቴምብሩም ቀረ።

የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ተስፋ የሚባለው ሰማያዊ አልማዝ ነው። ሃሪ ዊንስተን የተባለው የኒውዮርክ ጌጣጌጥ ነጋዴ በኅዳር 1958 አልማዙን ለዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም በስጦታ ሲሰጥ የላከው በፖስታ ነው። ያውም በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በሪኮማንዴ። 1 ሚሊዮን ዶላር ኢንሹራንስ ተገባለት። ጠቅላላ ክፍያው 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ሆነ። ከዚህ ውስጥ የመላኪያው ስንት ይመስላችኋል? 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም! የቀረው፣ ማለትም ከመቶ 98 እጁ፣ የኢንሹራንስ ነው። አልማዙን ማድረስ ርካሽ ነበር። ውድ የሆነው «ቢጠፋስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ ክፍያ የታየው በማሽን በታተሙ ወረቀቶች ነው። ኢንሹራንስ የሚል ቴምብር አንድም አልተለጠፈበትም።

እሺ፣ ያሳተሙት እነማን ናቸው?

በብዛት ሰብሳቢ እጅ የሚገቡት የሜክሲኮ ናቸው። ሜክሲኮ በ1935 ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ባለ 10 ሳንቲም፣ ባለ 50 ሳንቲምና ባለ 1 ፔሶ። ምስላቸው የታሸገ ደብዳቤ፣ የፖስታ ከረጢትና ካዝና ነው። «ሴጉሮ ፖስታል» ይላሉ፤ የፖስታ መድን እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ የባንክ ካዝና በር መጣ። በኋላ ደግሞ ጓጉንቸር ቁልፍ። ግማሽ ክፍለ ዘመን ሙሉ «ቆልፈነዋል፤ አትስጉ» ሲሉ ኖሩ ማለት ነው። አብዛኞቹ ውድ አይደሉም። ለጀማሪ ከእነሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ስዕሉ ሳይለወጥ ለዓመታት ስለታተመ ግን የወረቀቱን የውሃ ምልክት (ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚታየውን) እና በቴምብሩ ጠርዝ ያሉትን ጥርሶች ቁጥር ካላያችሁ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆኑም።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክም ከ1935 ጀምሮ ለአገር ውስጥ አገልግሎት የራሷን አወጣች። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ «ፕሪማ ቫሎሬስ ዴክላራዶስ» ይላል። «ዋጋቸው ለተገለጹ ዕቃዎች የሚከፈል አርቦን (የመድን ክፍያ)» ማለት ነው።

ኮሎምቢያ ከሁሉም ትቀድማለች። እዚያ ከ1865 ጀምሮ «ኩቢዬርታ» የሚባል ትልቅ ወረቀት ነበር። እንደ ቴምብር ይቆጠራል፤ መጠኑ ግን የቴምብር አይደለም፤ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ላዩ ላይ ባዶ መስመሮች አሉት። የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ክብደት፣ ውስጡ ያለው ነገርና ዋጋው በእጅ ይሞላበታል። ቴምብርም ፎርምም ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የፖስታ ሠራተኛው በላባ ብዕር የጻፈው ዛሬም ይነበባል። እኔ ከቴምብሩ ይልቅ ያንን የእጅ ጽሑፍ ማየት ደስ ይለኛል።

አሜሪካ የጥቅል ኢንሹራንስ የጀመረችው ጥር 1 ቀን 1913 የጥቅል ፖስታ አገልግሎት በተከፈተበት ዕለት ነው። ክፍያው መጀመሪያ ላይ 10 ሳንቲም ነበር፤ እስከ 50 ዶላር ዋስትና ይሰጣል። ልዩ ቴምብር የመጣው ግን ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1965 ነው። ከማሽን የሚገዛ ትንሽ ደብተር ነበር። ቴምብሩ ጥቅሉ ላይ ይለጠፋል፤ ቀሪው ወረቀት ተሞልቶ ለላኪው ደረሰኝ ይሆናል። ፖስታ ቤቱ ዝግ በሆነ ሰዓት ጥቅል ለሚልክ ሰው የታሰበ ነገር ይመስላል።

ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ሣጥን ምንድን ነው?

ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ባሕሩ ገና አልጸዳም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መርከቦች በፈንጂና በባሕር ሰርጓጅ ሲሰምጡ ስንትና ስንት ከረጢት ደብዳቤ አብሯቸው ወርዷል። ኔዘርላንድ ደግሞ ከቅኝ ግዛቷ ከደች ኢስት ኢንዲስ፣ ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ጋር የምትገናኘው ለሳምንታት በሚዘልቅ የመርከብ ጉዞ ነው። የንግድ ሰነዱ፣ የባንክ ወረቀቱ፣ ውሉ ሁሉ የሚሄደው በዚያው ነው። መንገዱ በስዊዝ ቦይ አድርጎ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል። በእኛው ደጃፍ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ መላ ተገኘ። በመርከቡ የላይኛው ወለል ላይ ተንሳፋፊ ካዝና ይቀመጥ። ውድ ደብዳቤዎች በውስጡ ይቆለፉ። መርከቡ ቢሰምጥ ካዝናው ከመቀመጫው ተላቆ ውሃው ላይ ይቀራል። ሌሊት ብርሃን እያሳየ፣ የሚያልፍ መርከብ እስኪያገኘው ይንሳፈፋል። ሰው ሊሰምጥ ይችላል፤ ደብዳቤው ግን አይሰምጥም። ነገሩ ትንሽ ይዘገንናል፤ እውነት ነው።

ለዚህ አገልግሎት ተጨማሪ ክፍያ ነበረ። ክፍያውም በልዩ ቴምብር ነው። ኔዘርላንድ በ1921 ሰባት ቴምብሮች አወጣች፦ 15፣ 60 እና 75 ሳንቲም፤ ከዚያም 1.50፣ 2.25፣ 4.50 እና 7.50 ጉልደን። ሰባቱን ለመግዛት በድምሩ 17 ጉልደን ከ25 ሳንቲም ያስፈልግ ነበር። የያኔ ሰብሳቢ ማጉረምረሙ አይቀርም። ለቅኝ ግዛቱም ተመሳሳይ ተከታታይ ወጣ።

ስዕሎቹን ማየት አለባችሁ። ሦስቱ ትንንሾች ላይ ካዝናው ማዕበል ላይ ሆኖ የባሕር ወፎች ይዞሩታል። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ላይ ሌሊት ነው፤ ካዝናው ብርሃን ያፈነጥቃል። የ7.50ው ሠዓሊው ሐሳቡን ለቀቅ ያደረገበት ነው፤ ቀይ ቀለም ያለው፣ ሕልም የሚመስል ስዕል። ፖስታ ቤት «መርከባችሁ ሊሰምጥ ይችላል» እያለ ቴምብር የሚሸጥበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አገልግሎቱ ግን ደንበኛ አላገኘም። በ1923 ቀረ። ሰው ገንዘቡን መክፈል የሚፈልገው ደብዳቤው ሲጠፋ እንጂ ከመጥፋቱ በፊት አይደለም፤ ይህ የትም አገር ያው ነው።

ይህ በእርግጥ ኢንሹራንስ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥብቅ ሰዎች «አይደለም» ይላሉ። የሚከፈለው በካዝናው ውስጥ ቦታ ለማግኘት ነውና። ሆኖም ስኮት የሚባለው የአሜሪካ ካታሎግ «የባሕር ኢንሹራንስ ቴምብር» ብሎ ለብቻው መድቦታል። ሰብሳቢውም በዚሁ ስም ያውቀዋል። እኔ ከካታሎጉ ጋር ነኝ።

ደብዳቤው ከአገር አገር ሲሄድስ ማን ነው የሚከፍለው?

ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት በ1874 በርን ከተማ ተመሠረተ። በ1878 ፓሪስ ላይ ሲሰበሰቡ ዋጋቸው ስለተገለጸ ደብዳቤዎች የተለየ ስምምነት ተፈረመ። የተለየ ያልኩት ሁሉም አባል አገር ስላልተገደደበት ነው። የፈለገ ይገባል፤ ያልፈለገ ይተወዋል። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል የሆነችው በ1908፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው።

ካሳው የሚሰላበት ገንዘብ የወርቅ ፍራንክ ነበር። የፈረንሳይ ፍራንክ ወጣ ወረደ ሳይሉ፣ በወርቅ ክብደት የተቆረጠ ሒሳብ። ስለዚህ በድሮ ፖስታዎች ላይ ሁለት ዋጋ ታያላችሁ። አንዱ በላኪው አገር ገንዘብ ነው፤ ሌላው በፍራንክ ተመንዝሮ በቀለም እርሳስ ይሰመርበታል። ከጎኑ «ቪ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ሮዝ ወረቀት ካለ ነገሩ አለቀ፤ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ነው። የሪኮማንዴው «አር» ነው።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ፤ ስሰማው ሳቄ መጣ፤ ሳስበው ግን ትክክል ነው። በኢንሹራንስ ደብዳቤ ላይ ቴምብሮች ተጠጋግተው መለጠፍ የለባቸውም። በመሐላቸው ክፍተት ይኑር። ከፖስታው ጠርዝ ታጥፈው ወደ ጀርባው መዞርም ክልክል ነው። ለምን? ሌባ ፖስታውን በምላጭ ሰንጥቆ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ቀዳዳውን በቴምብር እንዳይሸፍነው! አድራሻ በእርሳስ መጻፍም አይፈቀድም። ዋጋው ተሰርዞ ወይም ተደልዞ ከተገኘ ደብዳቤው ይመለሳል።

ዋጋውን ከፍ አድርጌ ብናገርስ?

ይህን ያሰበ ሰው እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ጋዜጣ ቀዶ አሽጎ «ሺህ ፍራንክ ነው» ማለት። ደንቡ ግን ያውቀዋል። ከእውነተኛው ዋጋ በላይ መናገር ክልክል ነው፤ ሆን ብሎ ያደረገው ላኪ የካሳ መብቱን በሙሉ ያጣል። ዝቅ አድርጎ መናገር ግን ችግር የለውም። ቢጠፋ የሚከፈላችሁ የተናገራችሁት ነው፤ ብልጠቱ በራሳችሁ ላይ ይዞራል።

«ኢንሹራንስ» የሚል ቃል ያለበት ቴምብር ሁሉ የዚህ ወገን ነው?

አይደለም። ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። ከ1891 ጀምሮ የወጡ የኒውዚላንድ ቴምብሮች አሉ፤ የመብራት ቤት ምስል አላቸው፤ «የሕይወት ኢንሹራንስ» ይላሉ። እነዚህ የመንግሥት የሕይወት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የራሱን ደብዳቤ የሚልክባቸው ናቸው። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ምንም ዋስትና የለውም። ያምራሉ፤ ግን ሌላ ነገር ናቸው።

የእንግሊዝ «ብሔራዊ ኢንሹራንስ» ቴምብርም ፖስታ ላይ አይለጠፍም። ከ1912 ጀምሮ በሠራተኛ ካርድ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ እንደ ጡረታ መዋጮ ማለት ነው።

ፖስታው ላይ ያለውን ቴምብር ነክሬ ላላቅቀው?

በፍጹም! እባካችሁ።

እኔ ገና ስጀምር አንድ ሙሉ ፖስታ አገኘሁ። ሁለት የሜክሲኮ ካዝናዎች ከተራ ቴምብሮች ጋር ነበሩበት። ጀርባው ላይ የተሰነጣጠቀ ቀይ ሰም። እንደ ልማዴ ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት። ቴምብሮቹ ጸድተው ወጡ። ሰሙ፣ የክብደቱ ጽሑፍ፣ የማኅተሙ ቀን፣ ዋጋው ሁሉ ከነወረቀቱ ቅርጫት ገባ። በኋላ አንድ የቆዩ ሰብሳቢ ሳሳያቸው ቴምብሮቹን ትተው «ፖስታውስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ቴምብር ለብቻው ሙሉ ነው። የኢንሹራንስ ቴምብር ግን የአንድ ሒሳብ ግማሽ ነው። ስንት ተላከ? ስንት ተከፈለ? መንገዱ የት የት ነበር? ይህን የሚናገረው ፖስታው ነው። ደግሞም ሰው ውድ ነገር የመጣበትን ፖስታ ቀድዶ ይከፍተዋል፤ ሰሙን ሰባብሮ ይጥለዋል። የተረፈው ጥቂት ነው። የኔዘርላንድ ተንሳፋፊ ካዝና ቴምብሮች ለብቻቸው ይገኛሉ። በእውነት ተጉዞ የደረሰ ፖስታ ላይ ግን እጅግ ብርቅ ናቸው።

ስገዛ ምን ልይ?

ቀኑን። የኔዘርላንዱ አገልግሎት ከ1921 እስከ 1923 ብቻ ነበር። የ1930 ማኅተም ካለበት እጃችሁን ሰብስቡ። ቀጥሎ መንገዱን። ከአምስተርዳም ወደ ፓሪስ የሄደ ደብዳቤ መርከብ ላይ ምን ይሠራል? ከዚያ ደምሩት፤ የቴምብሮቹ ድምር ከተጻፈው ክብደትና ዋጋ ጋር ይቀራረባል? ማኅተሙ ቴምብሩን አልፎ ወረቀቱ ላይ ይቀጥላል ወይስ ጠርዙ ላይ ይቋረጣል? ከተቋረጠ ቴምብሩ በኋላ የተለጠፈ ነው።

ሻጩ ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ካላሳያችሁ አትግዙ። በዚህ ዓይነት ፖስታ ዋናው ወሬ ያለው ጀርባው ላይ ነው።

የት ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ አጠገብ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም አለ። መግቢያው በነጻ ነው። የዚያ አልማዝ መጠቅለያ ወረቀት የዚህ ሙዚየም ንብረት ነው፤ ቡናማ፣ የተጨማደደ፣ የማሽን ማኅተም የተደረደረበት። አልማዙ ራሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜ ሰው ይጋፋበታል። ወረቀቱን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ስትሄዱ መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቁ።